ከበሮው ወይስ እጁ?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ተረቱ። የዝነኛ ሮክ ሙዚቀኛን ከበሮ አስመስሎ ለመሥራት ዓመታት የሚደክሙ ባለሙያዎች ይህን ምሳሌ ቢሰሙት በእጅጉ በጠቀማቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የቢትልስ ጓድ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር ለንደን ከሚገኘው «ድራም ሲቲ» መደብር የቺካጎውን የሉድዊግ ፋብሪካ ድራም ወሰደ። ትልቁ ከበሮ 20፣ ሌሎቹ ሁለቱ 12 እና 14 ኢንች ስፋት ነበራቸው፤ ስኔር የሚባለው ባለ ሽቦ ከበሮም አብሯቸው ነበር። የለበሱት ሴሉሎይድ ጥቁርና ግራጫ ሞገድ የሚመስል ነበር። ዛሬ አስመስለው የሚሠሩት ሰዎች ስስ የእንጨት ንጣፎችን በሙጫ አጣብቀው ያጎብጣሉ፤ ጠርዙን ይሞርዳሉ፤ የዘመኑን ብረታ ብረት ያፈላልጋሉ። አዲሱ ሴሉሎይድ ያረጀ እንዲመስል የሚያወይቡ፣ ጭረቱን ሳይቀር የሚቀዱም አሉ።

የዚህ ሥራ ደጋፊዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የቀድሞው የእጅ ሙያ እንዳይጠፋ ይረዳል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ከበሮ የሠራ ሰው የእንጨቱን ውፍረትና የጠርዙን ስለት ከድምፁ ጋር አያይዞ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በትክክል ከተመሳሰለ ያ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። ይህ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ አመለካከት ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ወደ 73 ሚሊዮን የሚጠጋ የአሜሪካ ሕዝብ ጓዱን በቴሌቪዥን ሲመለከት፣ መድረኩ ላይ የቆመው የለንደኑ ድራም አልነበረም። ከለንደን የተጓዙት ስኔሩ፣ ሲምባሎቹና የጓዱ ስም የተጻፈበት የትልቁ ከበሮ ፊት ብቻ ነበሩ፤ የቀረው እዚያው ኒው ዮርክ የቀረበ ሌላ የፋብሪካ ምርት ነበር። ከበሮው ተለውጦ መቺው ግን ያው ሪንጎ ነበር።

ሌላም አለ። ሪንጎ ግራኝ ሆኖ ሳለ ለቀኝ እጅ በተደረደረ ድራም ይጫወት ነበር። ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው ሲሻገር እጁ እንደ ሌሎቹ መቺዎች አይሄድለትም፤ ያ እንቅፋት ነው የአጨዋወቱ ልዩ ጠባይ የሆነው። ይህንን የትኛው መጋዝ ይቆርጠዋል? በየትኛው ሙጫስ ይጣበቃል?

ገበያው ግን እጅን መሸጥ ስለማይችል ዕቃውን ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የ1963ቱ ድራም በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ በዚያ የቴሌቪዥን ምሽት የታየው ባለ ስሙ የከበሮ ፊትም ለብቻው ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከመደብር የተገኘ የፋብሪካ ዕቃ እንደ ታቦት ሲሳለሙት፣ አስመስሎ የሚሠራው ባለሙያም ሳያውቀው የዚሁ አምልኮ አገልጋይ ይሆናል።

ታዲያ መቅዳት ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ጀማሪ ሠዓሊ የመምህሩን ሥራ የሚቀዳው እጁን ለማፍታታት ነው፤ መሰላል የሚሠራውም ሊወጡበት እንጂ ሊኖሩበት አይደለም። በሙያው የበረታ ሰው ከበሮውን ይሥራ፤ ሚስጥሩን ይወቅ፤ ለተማሪውም ያስተላልፍ። ከዚያ በኋላ ግን የሪንጎን ጭረት መቅዳቱን ትቶ በራሱ እጅ የራሱን ጭረት ያውጣበት። በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ ከበሮ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ድምፅ የለውም።

ከበሮው ተሠርቶ አልቋል፤ የሚቀረው መምታት ነው።