ዶላር ክፍል ገብቶ አያስተምርም

በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ስለ ናፍቆት ማውራት እንወዳለን። የእናት ቡና፣ የመስቀል ደመራ፣ የክረምት ዝናብ፣ የሰፈር ጨዋታ... ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተዘፍኗል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን እምብዛም የማይነሳ ናፍቆት ነው። የመምህር ናፍቆት! ይህንንም የማነሳው ሆዴ ስለባባ ብቻ አይደለም። የመምህሩ ስደት የፖለቲካ ጥያቄ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ጥያቄውን ደግሞ ገዢዎቹ ብቻ ሳይሆኑ፣ በውጭ ሆነን ተቃዋሚ ነን የምንለውም ወደ ጎን ገፍተነዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እስኪ ከራሴ ልጀምር።

ጎጃም ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስገባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንድ ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን የትምህርት ማስረጃዬን ሳስገመግምና ለመምህርነት ፈቃድ ፈተና ስዘጋጅ አሳለፍኩ። ዛሬ በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያንኑ ሒሳብ አስተምራለሁ። በዚህ ዕድለኛ ነኝ። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ ከሚነዱት፣ መኪና ከሚያቆሙት፣ በአረጋውያን መጦሪያ ከሚሠሩት ወገኖቻችን መካከል ስንቱ የቀድሞ መምህር እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጠይቁ። ፊዚክስ ያስተማረ፣ ባዮሎጂ ያስተማረ፣ ርዕሰ መምህር የነበረ ታገኛላችሁ። ሥራ ክቡር ነው፤ ማንንም ዝቅ አላደርግም። ነገር ግን ያ ሰው የቆመበት ጥቁር ሰሌዳ ዛሬ ማን አለው? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ምን ይናፍቀኛል? የሚገርመው፣ ያማረረኝ ሁሉ ይናፍቀኛል። በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪ ነበረኝ። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ይካፈላሉ። ነጩ ጋዎኔ በጠመኔ አቧራ ተሸፍኖ ማታ ቤቴ ስገባ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ እመስል ነበር። ክፍል ስገባ ሁሉም ብድግ ይላሉ። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ድንች የምትሸጥ እናት «የልጄ መምህር አይደሉ!» ብላ አንድ ኪሎውን ሁለት ልታደርገው ትታገለኛለች። ከልጇ ዕድሜ ብዙም አልርቅም፤ ግን አንቱ ትለኛለች። አንቱታው ለእኔ አልነበረም፤ ለጠመኔው ነበር።

እዚህ ያለሁበት ክፍል ሃያ ስምንት ተማሪ አለ። እያንዳንዱ በትምህርት ቤቱ የተሰጠው ላፕቶፕ አለው። ልጆቹ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከሆንዱራስ፣ ከቬትናም፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ «ሚስተር» እያሉ ይጠሩኛል፤ እወዳቸዋለሁ። የማስተምረው ያው አልጀብራ ነው። ኤክስ ጎጃምም ኤክስ ነው፣ ሜሪላንድም ኤክስ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ እዚህ እኔ ባልኖር ሌላ መምህር መተካቱ ነው። እዚያ ስወጣ የተተካ አልነበረም። የእኔን ክፍለ ጊዜ የስፖርት መምህሩ ደርቦ ይዞት እንደነበር ሰምቻለሁ።

«ታዲያ ለምን ወጣህ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለጤፍ አልበቃ አለ። እሱም ሳይበቃ፣ ሳልጠየቅ መዋጮ ይቆረጥብኝ ነበር። በአንድ ስብሰባ ላይ «ደመወዛችን ለምን ይዘገያል? የሚቆረጠውስ በማን ፈቃድ ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ተዛወርኩ። ስም አልጠራም። የአንድ ሹም ክፋት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሁፍ ባልጻፍኩ። ነገሩ የቆየ ልማድ ነው። በአገራችን መንግሥት ተለዋወጠ እንጂ መምህርን መፍራት አልተለወጠም!

ታሪኩን አጠር አድርጌ ላስታውሳችሁ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናት የሚባለውን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከታክሲ ነጂዎች ጋር ሆነው የአብዮቱን በር ከከፈቱት መካከል ነበሩ። ደርግ ይህን አልረሳም። መሃይምነትን ለማጥፋት ዘመቻ ከፍቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው መንግሥት፣ ከዚያ በፊት በቀይ ሽብር የገደላቸውን መምህራን ቁጥር ማን ቆጠረው? ኢህአዴግ ሲመጣ በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በአንድ ጊዜ አባረረ። የኢትዮጵያ መምህራን ማህበር ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. እስር ቤት ቆዩ። የማህበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የማህበሩ ስምና ንብረት በፍርድ ቤት ውሳኔ መንግሥት ለሚደግፈው ማህበር ተላለፈ። ቤቱ ተወሰደ፣ ስሙም ተወሰደ። እኔ ማስተማር ስጀምር ደመወዜን የሚከራከርልኝ ነጻ ማህበር ያልነበረው እንዲሁ በአጋጣሚ አልነበረም።

ዘንድሮስ? የትግራይ ልጆች በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ከቤት ዋሉ፤ ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፤ ሦስት ዓመት ያህል ደብተር ሳይከፍቱ ቀሩ። መምህራኖቻቸው የወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው የጦርነቱን ጊዜ አሳለፉ፤ ከጦርነቱ በኋላም ውዝፉን ለማግኘት ሲከራከሩ ኖሩ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ከፈነዳ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ስልክ ሲገኝ እንዲህ ይለኛል፦ «አንዱ መጥቶ ለምን አስተማርክ ይለኛል፤ ሌላው መጥቶ ለምን አላስተማርክም ይለኛል። እኔ መልስ የለኝም፤ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ።»

ውጤቱን ቁጥር ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በነዚህ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩ! በ2014 ዓ.ም. ሚኒስትርነቱን የያዙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ኩረጃን ለማስቆም መወሰናቸውን አልነቅፍም። እሳቸውም እንደ እኛው አሜሪካ ተሰደው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ የተቃውሞ ትግል የመሩ ሰው ናቸው። ሆኖም ቴርሞሜትር ትኩሳትን ያሳያል እንጂ አያድንም። ሰባውን ተማሪ በባዶ ሆዱ የሚያስተምረው መምህር እስካልተነካ ድረስ ፈተናውን የፈለገውን ያህል ማጥበቅ ተማሪን መጣል እንጂ ማስተማር አይሆንም።

የሆድን ነገር ካነሳሁ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶውን አለፈ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ለመንግሥት ሠራተኛ ጭማሪ ተደረገ ሲባል የጀማሪ ባለዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር ሆነ። በወቅቱ ምንዛሪ መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። እኔ የምኖርበት ሜሪላንድ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀ ሕግ አለው፤ የመምህር መነሻ ደመወዝ በዓመት 60 ሺህ ዶላር እንዲደርስ ያዛል። አሜሪካና ኢትዮጵያ በሀብት አይወዳደሩም፤ እሱን አላጣሁትም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነው። እዚህ የመምህር ደመወዝ በሕግ ይጻፋል፤ በምርጫ ክርክር ይነሳል፤ ማህበሩ አደባባይ ወጥቶ ይሟገትበታል። እኛ ዘንድ መምህር የሚታወሰው ሲታሰር ወይም ሲሞት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በየስብሰባው የምሰማቸው ሁለት መልሶች አሉ።

አንደኛው «እኛ ዶላር እንልካለን» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ እንልካለን። እናቶቻችን የሚኖሩት በዚያ ነው። ዳሩ ግን ዶላር ክፍል ገብቶ አያስተምርም። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ከሃያ ሁለትና ከሃያ ሦስት ዓመት አሜሪካውያን እንግሊዝኛና ሒሳብ ተምረዋል፤ ዛሬም ስማቸውን የሚያነሱ አሉ። አሜሪካ ያኔ ብር ብቻ ብትልክ ኖሮ ማን ያስታውሳት ነበር? የሚታወሰው ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰው ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ እኛ እነሱን ልናስተምር መጥተናል።

ሁለተኛው መልስ የባሰ ነው። «መጀመሪያ ሥርዓቱ ይውደቅ፤ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ይላል። ሥርዓቱን ለመደገፍ አልመጣሁም፤ ያሰደደኝ እሱ ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ የነበረች ተማሪ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊደል መቁጠሪያዋ ጊዜ አለፈ። እሷን «ድል እስኪመጣ ጠብቂ» የሚላት ማን ነው? በዓለማችን ላይ የማይጠብቅ ነገር ቢኖር የልጅ ዕድሜ ነው!

ባለፈው ዓመት ከአገር ቤት የመጣ አንድ ልጅ ክፍሌ ገባ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ስሙን ስጠራ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደቆመ ቀረ። በአማርኛ «ተቀመጥ» አልኩት። ከክፍል በኋላ መጥቶ «ቲቸር፣ እኛ ጋ ሁለት ዓመት ትምህርት አልነበረም፤ ክፍልፋይ ላይ ነው ያቆምነው» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ በሦስት ወር ውስጥ ጓደኞቹ ላይ ደረሰ። እሱ ተረፈ፤ ክፍልፋይ ላይ አብረውት ያቆሙትስ? ለነሱ የሚያነሳው አውሮፕላን አልመጣም። በስልካችን «ትምህርት ቤት ይዘጋ» ወይም «በግድ ይከፈት» እያልን ከዚህ የምንጮህ ወገኖች፣ የእኛ ልጆች በቢጫው አውቶቡስ በየማለዳው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ልናስብ ይገባል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ያላችሁ የፖለቲካ ድርጅቶች፣ ፕሮግራማችሁን ገልጣችሁ መምህር የሚለውን ቃል ፈልጉ። ስለ ደመወዙና ስለ ነጻ ማህበሩ የጻፋችሁት ከሌለ ጻፉ። እኛም ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ይህን እንጠይቅ። ጦር የያዘ ማንም ይሁን ማን፣ የመንግሥትም ሆነ የታጣቂ፣ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ፤ ይህን ስንል ለሁሉም በአንድ ድምጽ እንበል።

ሁለተኛ፣ የየትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች ማህበራት ለሕንጻና ለኮምፒውተር ገንዘብ ስታሰባስቡ ለመምህሩም አስቡ። አዲስ ሕንጻ ሪባን ይቆረጥለታል፤ መምህሩ ግን በውስጡ ከሌለ መጋዘን ነው። የቤት ኪራዩን ማገዝ አንድ መምህር በቦታው እንዲቆይ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በየአገሩ የተበተንን መምህራን። ጓደኞቼና እኔ አጫጭር የሒሳብ ትምህርቶችን በአማርኛ እየቀረጽን በቴሌግራም እንልካለን። ኔትወርክ ያገኘ ያወርደዋል፤ ያላገኘ ከጓደኛው በፍላሽ ይቀዳል። ትንሽ ነገር ናት፤ የቆመ መምህርን አትተካም። ነገር ግን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን በየከተማው አላችሁ። በየአፋን ኦሮሞው፣ በየትግርኛው፣ በየሶማሊኛው ይጨመር። ከፓርኪንጉ መልስ ሃያ ደቂቃ ስጡን።

ናፍቆት ብቻውን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷ አይታይም። አገሬ ስመለስ ምን አደርጋለሁ እያሉ ማሰብ ጥሩ ነው፤ መቼ እንደምመለስ ግን በእኔ እጅ አይደለም። ያች በፊደል መቁጠሪያዋ ጊዜ ትምህርት ቤት የተዘጋባት ልጅ ማንበብ መቻሏ ግን በከፊል በእኛ እጅ ነው። የኢትዮጵያን ነገ የሚወስነው ቤተ መንግሥት የሚገባው ሰው ብቻ አይደለም፤ ክፍል የሚገባውም ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ተነጋገሩ፣ ተከራከሩ፤ ብቻ ዝም አትበሉ።

ቸር ይግጠመን!