ስለ ወፍ ወባ መናገር ቅንጦት ነውን?

«ሰው በወባ እየሞተ ለሃዋይ ወፍ ማዘን የጠገበ ሰው ሥራ ነው» የሚሉ ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ለተመለከተው ቅንጦት አይደለም እንላለን።

በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ ትንኝ አያውቁም ነበር። ትንኝ የገባችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1826 ማዊ ወደተባለችው ደሴት በመርከብ መጥታ ነው። ቆይቶም ከውጭ በመጡ ወፎች ደም የወፍ ወባ ተከተለ። የአገሬው ወፎች በሽታውን ስለማያውቁት የመቋቋም ኃይል አልነበራቸውም። ቀይ ላባና ቆልማማ ምንቃር ያለው ኢኢዊ የተባለው ወፍ በሽታውን በያዘች አንዲት ትንኝ ቢነከስ ከ10 ውስጥ 9ኙ ይሞታል። ከ50 በላይ ከነበሩት የዚሁ ወገን ዓይነቶች የቀሩት 17 ያህል ብቻ ናቸው፤ ለዚህም የደን መመንጠርና ከውጭ የገቡ አይጦች የወባው ተባባሪዎች ሆነዋል። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት 8 የሃዋይ የደን ወፎች ፈጽሞ መጥፋታቸውን አስታወቀ።

የቀሩት የተረፉት በደጋው ብርድ ነው፤ ትንኟም የወባው ተሕዋስም ብርድ አይስማማቸውም። ነገር ግን የዓለም አየር በሞቀ ቁጥር ትንኟ ሽቅብ ትወጣለች፤ ወፉ ግን ከተራራው ጫፍ በላይ የሚሸሽበት ሌላ ደጋ የለውም። ይህን ለመረዳት የእኛ አገር ልጅ አስተማሪ አያሻውም። በ2014 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋዎች የሰው ወባ ሙቀት በበዛባቸው ዓመታት ወደ ከፍተኛ ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል። እርግጥ የወፍ ወባ ሰውን አይዝም፤ የምታስተላልፈውም ትንኝ ሌላ ናት፤ የሙቀቱ ሕግ ግን አንድ ነው።

መላም አልታጣም። በ2023 መጨረሻ በማዊ ደሴት፣ ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ያለባቸውን ወንድ ትንኞች ከሄሊኮፕተር መልቀቅ ተጀመረ። ወንድ ትንኝ አይናከስም፤ ከዱሯ ሴት ጋር ሲገናኝ ግን እንቁላሏ አይፈለፈልም። «ይህ በተፈጥሮ ሥራ መግባት ነው» የሚል ቢኖር፣ በተፈጥሮ ሥራ የተገባውስ ትንኟ በመርከብ የመጣች ዕለት ነው እንለዋለን። ሰው ያመጣውን ጥፋት ሰው ቢያርም ዕዳውን ከፈለ እንጂ አልደፈረም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ትንኝ የምንማረው ለፈተና ብቻ አይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ለብዙዎቹ ወፎች የዘገየው ብልሃት ለደገኛው ወገናችን እንዳይዘገይ ከአሁኑ እናስብበት።