ወደ ሩቅ በረት ስለሚቀበር የኤሌክትሪክ ሽቦ
በተጂ ሜዳ ከቆጣሪው እስከ ሩቅ በረት ሽቦ በመሬት ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው፥ ውፍረቱን በዋጋ ሳይሆን በርቀት ሊመርጠው ይገባል። ጠባብ ቦይ ብዙ ውሃ እንደማያደርስ፥ ቀጭን ሽቦም እንዲሁ ነውና። በ220 ቮልት የሚሠራ 16 አምፔር የሚስብ ሞተር 100 ሜትር ቢርቅ፥ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 22 ቮልት ያህል በመንገድ ያስቀራል፤ ሞተሩም ደክሞ ይግላል። 10 ሚሊ ሜትር ካሬው ግን ከ6 ቮልት በታች ያጎድላል።

ደግሞም የአገሩ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለመሬት ውስጥ የተሠራ ሽቦ በአሸዋ ላይ ሳይወጠር ይዘርጋ። በቀጭን ሽቦ ገንዘብ የቆጠበ ሁለተኛ ይቆፍራልና፥ ሹማምንት ይህን ለባላገሩ አስቀድመው ቢያስረዱ መልካም ነው።