ለአንድ ሳሎን ሁለት ድምፅ ይበቃል

የከተማ ሰው ቤቱን በዘመናይ ዕቃ ማስጌጥ ከጀመረ ወዲህ የሳሎን ክብር ከአንዱ ንዋይ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። አስቀድሞ ሬዲዮኑ፣ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በጥቂት ባለጸጎች ቤት ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎም ባለ ሁለት ካሴቱ ቴፕ በየተራቸው የክብሩን ስፍራ ይዘው ከኖሩ በኋላ፣ በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሆም ቴአትር የተባለው፣ 5 ስፒከርና 1 የቤዝ ሣጥን ያለው መሣሪያ ከቡፌው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ በራሱ ላይ ዳንቴል ደፍቶ እንግዳ ሲቀበል ቆይቷል። የዚህ ባለማዕርግ ዕቃ ዘመነ መንግሥት ግን ወደ ፍጻሜው የተቃረበ ይመስላል፤ ጎረምሳና ኮረዳ ባለበት ቤት ሁሉ፣ ሽቦው እግር ይጠልፋል፣ ሣጥኑ ቦታ ይፈጃል፣ ይህ ነገር ይነሣና ሽቦ አልባ ይገዛልን የሚል አቤቱታ በአባትና በእናት ፊት ሲቀርብ ይሰማልና። እኔም ይነሣ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን በምን ይተካ በሚለው ጥያቄ ከልጆቹም ከነጋዴዎቹም ጋራ ስለማልስማማ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ለሚሰናበተው ዕቃ ፍትሕ እናድርግለት። ከነዚህ ሣጥኖች ብዙዎቹ በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የደከመች እኅት ወይም ልጅ፣ ከደመወዟ ቆጥባ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በካርጎ የሰደደቻቸው ናቸው፤ እናቲቱም በየቅዳሜው አቧራውን ስትወለውል በልቧ የምታነጋግረው የላከችላትን ልጅ ነበር። ስለዚህ ያ ግዙፍ ነገር ድምፅ ቢያሰማም ባያሰማም በቤቱ ውስጥ የራሱ አገልግሎት ነበረው፤ ያለ እናቲቱ ምክር አንሥቶ በረንዳ ላይ ማውጣት የቤትን ሰላም ሲያውክ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንደ ድምፅ መሣሪያ ብቻ ከመዘንነው ግን፣ ሆም ቴአትር በኛ ሳሎን ውስጥ ሥራውን በቅጡ ሠርቶ አያውቅም ለማለት እደፍራለሁ። ይህ ሥርዐት የተወለደው ለሲኒማ አዳራሽ ነው፤ ዶልቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ባትማን ሪተርንስ ከተባለው ፊልም ጋራ ለሕዝብ ባሰማው ዘዴ፣ ድምፁ በ5 መስመር ተከፍሎ፣ ከባዱ የነጎድጓድ ድምፅ ደግሞ ለብቻው በ6ኛ መስመር ተለይቶ ይመጣል። ሕጉም 3ቱ ስፒከሮች ከፊት፣ 2ቱ ከአድማጩ ጎንና ጎን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው እንዲቆሙ፣ አድማጩም በመካከል እንዲቀመጥ ያዝዛል። የኛ ሳሎን ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፦ ሶፋው በግድግዳ ዙሪያ ይጠጋል፣ በመካከል ጠረጴዛ ይቀመጣል፣ አንዱ ወገን ወደ ማእድ ቤት የሚያስወጣ በር ነው። ከሶፋው ኋላ ስፒከር የሚቆምበት ስንዝር ታህል ቦታ ከየት ይመጣል? ሽቦውስ በበሩ ላይ እንዴት ይሻገራል? በምንጣፍ ሥር ያሳለፉት ሰዎችም ነበሩ፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኛዋ በጠረገች ቁጥር እየተጎተተ፣ ሕፃን በዳኸ ቁጥር እየተነቀለ፣ በመጨረሻ ሁሉም ወደ ቡፌው ተመለሰ። እንዲህም ሆኖ 5ቱ ስፒከሮች እንደ ፎቶግራፍ ተነሺ ዘመዳሞች በአንድ ረድፍ ተደርድረው፣ ከአድማጭ ኋላ ሊወርድ የተወሰነው ዝናብ ከፊት ለፊት ይወርድ ጀመር።

ይህም ብቻ አይደለም። የአማርኛ ፊልሞች በየሱቁ ይሸጡበት የነበረው ቪሲዲ የተባለው ሲዲ በተፈጥሮው ከ2 የድምፅ መስመር በላይ አይችልም፤ ዛሬም በዲሽ ከምናያቸው ጣቢያዎችና በስልካችን ከምንከፍታቸው መዝሙርና ዘፈን አብዛኞቹ በዚያው በ2 መስመር የሚመጡ ናቸው። እንግዲህ የቀሩት 3 ስፒከሮች ምን ይሉ ነበር? መሣሪያው በግምቱ ያከፋፈላቸውን ያንኑ ድምፅ ይደግሙ ነበር። ባለቤቱም የቁጥሩን ብዛት እያየ የድምፁ ጥራት እንደዚያው የበዛ ይመስለው ነበር።

ለሰው ልጅ ጆሮ ተፈጥሮ የሰጠችው ቁጥር 2 ነው። ከቀኝ በኩል የተነሣ ድምፅ ግራ ጆሯችን ላይ የሚደርሰው ከሰኮንድ አንድ ሺሕኛ እጅ እንኳ ባልሞላ መዘግየት ሲሆን፣ አእምሯችን ከዚህች ኢምንት ልዩነትና ከድምፁ ብርታት አመዛዝኖ ጠሪው በየት በኩል እንደ ቆመ ያውቃል። ይህን ምሥጢር በሥራ ለማየት ወደ ሲኒማ አዳራሽ መሄድ አያሻም። በክብረ በዓል ሌሊት በቅኔ ማኅሌት፣ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ የሚመሩት ሊቃውንት መቋሚያቸውን ይዘው በሁለት ወገን ተሰልፈው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አንደኛው ወገን ሲመራ ሌላው ሲቀበል፣ ከበሮውም በመካከላቸው ሲመታ፣ በዚያ የቆመ ምእመን ዐይኑን ቢከድን እንኳ መሪው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አይስትም። የዚያን ሌሊት ዝማሬ በጥሩ መቅረጫ ቀድቶ፣ ባማካይ ክፍል ውስጥ ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት ስፒከሮች የሰማ ሰው፣ ቀኙ ከቀኝ ግራው ከግራ ሲመጣለት ከዚህ የበለጠ ሣጥን ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም። ያንኑ በአንዲት ሣጥን ቢሰማው ግን ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ተጋፍተው ሲወጡ ይሰማል፤ መምራትና መቀበል የተባለው ሥርዐት ይጠፋል።

ከሽቦ አልባው ጋራ ያለኝ ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሻጩ በጠረጴዛው ላይ አንዲት ክብ ወይም ሞላላ ዕቃ አስቀምጦ፣ ድምፅዋን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ሱቁን ሁሉ ካናወጠ በኋላ፣ ይህች የ6ቱን ሣጥን ሥራ ትሠራለች ይላል። ጉልበት እንዳላት አልክድም፤ ነገር ግን አንዲት ናት። ሳውንድ ባር የሚባለው በቴሌቪዥን ሥር የሚጋደመው ረጅም ዕቃም ቢሆን ቀኝና ግራው እምብዛም ያልተራራቀ ስለ ሆነ፣ ለንግግርና ለዜና እጅግ የሚመሰገነውን ያህል ለዜማ ስፋት አይሰጥም። ሽቦ አልባ ስፒከር የሚገዛ ሰው፣ እርስ በርስ ተጣምረው አንዱ ቀኝ አንዱ ግራ የሚሆኑ ሁለት ትናንሾችን ቢገዛ፣ በአንድ ትልቅ ላይ የሚያወጣውን ገንዘብ በተሻለ ነገር ላይ አዋለ ማለት ነው።

የብሉቱዝን በጎነት ግን ማሳነስ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ የተጀመረው ይህ ጥበብ ስሙን ያገኘው በ10ኛው መቶ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሐራልድ ቅጽል ስም ነው፤ ንጉሡ የተለያዩትን አንድ ያደረገ ነው ተብሎ ነው አሉ፤ በኛ ሳሎን ግን ሁለት ወንድማማቾች ስልካቸውን ከአንድ ስፒከር ጋራ ለማገናኘት ሲሻሙ ያየ ሰው ስለ አንድነቱ ይጠራጠራል። መብራት በጠፋ ማታ፣ ሆም ቴአትሩ ከነስታብላይዘሩ ድዳ ሆኖ ሲቀር፣ ባለ ባትሪዋ ስፒከር ከሻማው አጠገብ ሥራዋን ትቀጥላለች። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 5 ሰው ለሚኖርበት ቤተ ሰብም የአንድ ሣጥን ስፍራ መለቀቁ የአንድ ሕፃን መተኛ መገኘት ማለት ነው፤ ይህን ያልኖረበት ሰው ሊንቀው አይገባም። ጉድለቱ ፊልም ሲከፈት ይታያል፤ ድምፁ ታሽጎ በአየር ተልኮ ተፈትቶ እስኪወጣ ድረስ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ከሰኮንድ አንድ ወይም ሁለት ዐሥረኛ እጅ ስለሚዘገይ፣ የተዋናዩ ከንፈር ቀድሞ ቃሉ ኋላ ይደርሳል። ለዘፈን ምንም አይደለም። ለድራማ ግን ከቴሌቪዥኑ ወደ ስፒከሩ አንዲት አጭር ሽቦ መዘርጋት ይሻላል፤ አንዲት ሽቦ ሳሎን አታበላሽም።

ስለ ጎረቤትም አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የቤዝ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፤ በሰኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ ሞገዱ ከ8 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ለግድግዳና ለመጋረጃ አይበገርም፣ ሣጥኑ ወለል ላይ ሲቀመጥም ንዝረቱ በሲሚንቶው አልፎ ከበታች ያለውን ቤት ጣራ ያንኳኳል። ከላይ ያለው ሰው ዘፈን ይሰማል፣ ከታች ያለው ቃሉን ሳይሰማ ድብደባውን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ሆም ቴአትሩ ሲነሣ የቤዙ ሣጥን አብሮ ቢሄድ በ4ኛ ፎቅ የሚኖር የማንም ሰው ጎረቤት አያዝንም።

አሁን ወደ ዋናው ሥጋቴ ልመለስ። አሮጌው ስፒከር በውስጡ ያለው ማግኔት፣ የመዳብ ጥቅልልና የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ዳሩ ቢበጠስ ይለጠፋል፣ ሽቦው ቢላቀቅ ይበየዳል፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። አዲሱ ግን ሊቲየም ባትሪ አለው፤ ይህም ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ አቅሙ ይደክማል፣ በብዙዎቹም ዕቃዎች በማጣበቂያ ታሽጎ ስለሚገባ ዕድሜው የመሣሪያው ሁሉ ዕድሜ ይሆናል። በዋይፋይና በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዙት ውድ ዓይነቶች ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥገኝነት አለባቸው። ሶኖስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ አሮጌ ምርቶቹ ከዚያ ዓመት ሜይ ወር ወዲህ አዲስ ማሻሻያ እንደማይደርሳቸው ባስታወቀ ጊዜ ደንበኞቹ እጅግ ተቈጡ፤ በ2024ም አዲስ መተግበሪያ አውጥቶ የቀድሞው ያደርግ የነበረውን አንዳንድ ነገር ስላጎደለ ይቅርታ ጠየቀ፣ በ2025 ጃንዩዋሪም ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሥልጣን ወረደ። ስፒከሮቹ አልተሰበሩም ነበር። የገዛኸውን ዕቃ በሳሎንህ አስቀምጠህ ትእዛዙ ግን ባሕር ማዶ ሲቀር እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል።

የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም የጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በወጉ ተሰብስቦ እንደገና ለጥቅም የዋለው ከሩቡ ያንሳል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ፣ በ2023 ባወጣው ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ዕቃዎች ውስጥ ያለውን ባትሪ ባለቤቱ ራሱ ሊያወጣውና ሊተካው የሚችል እንዲሆን አዝዟል። የኛ አስመጪዎችም ይህንኑ ዓይነት ዕቃ እንዲያመጡ ካልተጠየቁ፣ ሌላው ዓለም በሕግ የከለከለው የታሸገ ዕቃ ተጠራርጎ ወደ እኛ ገበያ እንዳይመጣ እፈራለሁ፤ ጥራትን የሚቆጣጠሩት መሥሪያ ቤቶች ከአሁኑ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ከሁሉ የሚረክሰው ሽቦ አልባ ድምፅ በየቤቱ ቡፌ ላይ ቆሞ አለ። ከ6ቱ ሣጥኖች የፊተኞቹን ሁለቱን ብቻ ማስቀረት፣ የቀሩትን መሸኘት፣ ማጉያው ደህና ከሆነም ወደ ጠጋኝ ወስዶ ብሉቱዝ፣ ፍላሽና ሬዲዮ የሚቀበለውን ትንሽ ካርድ ማስገባት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባለ አንድ ጠረጴዛ ጠጋኝ፣ በብየዳ ጢስ መካከል ዐይኑን አጥብቦ፣ የመዳቡን ጫፍ በጥርሱ ልጦ ሲያገናኘው ያየሁት ሰው፣ ሥራውን ሲጨርስ በመጀመሪያ ያዳመጠው ቀኝና ግራው እንዳልተቀያየረ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያሻል፦ ከሆም ቴአትር ጋራ የመጡ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ ኦማቸው ዝቅተኛ፣ መሰኪያቸውም የተለየ ስለ ሆነ፣ በሌላ ማጉያ ላይ ከመቀጠላቸው በፊት ማጉያው ይችላቸው እንደ ሆነ ጠጋኙን መጠየቅ ይገባል። የሚሸኙትም 4ቱ ቢሆኑ፣ ለልዋጭ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ከሚሰጡ ይልቅ፣ ምናለሽ ተራ ላለ ነጋዴ ቢቀርቡ ማግኔቱም መዳቡም ተገቢ ቦታውን ያገኛል።

አዲስ መግዛት ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ ሻጩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ዝም ብሎ አይስማ። ዝቅ አድርግልኝ ይበለው፤ ደካማ ስፒከር የሚታወቀው በዝቅተኛ ድምፅ የሰውን ንግግር ሲያደበዝዝ ነውና። ሁለቱን አጣምረህ አሰማኝ ይበለው፤ ባትሪው እንዴት እንደሚወጣ ይጠይቀው፤ በመጨረሻም የስልኩን ብሉቱዝ ዘግቶ በሽቦ እንዲያሰማው ይለምነው። ሻጩ ስቆ ዛሬ ማን በሽቦ ይሰማል ያለው እንደ ሆነ፣ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ።