በደቡብ ኦሞ ሰማይ የተሠራው ካርታና ደረቅ የወጡት ጉድጓዶች

በኦጋዴን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተመረቀ በኋላ፣ «በሌሎቹ ተፋሰሶቻችንስ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ቢነሣ አያስገርምም። ሆኖም የካሉብን ጋዝ የአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ከግኝት እስከ ምረቃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከወሰደ፣ ከፍለጋው መጀመሪያ እስከ ግኝት ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝምና ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነ መረዳት ተገቢ ነው። ይህን በሚገባ የሚያስተምረን ደግሞ የደቡብ ኦሞ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ተፋሰስ ስንል የወንዝ ተፋሰስ ማለታችን አይደለም። በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት አሸዋ፣ ጭቃ፣ ኖራና ጨው እየተደራረበ የሞላውን ጎድጓዳ የመሬት አካል ማለታችን ነው። ነዳጅም ሆነ እንደ ዳናኪል ያለው ፖታሽ የሚፈለገው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው። ችግሩ የጎድጓዳው ቅርጽ ከላይ አለመታየቱ ነው። የአባይን ሸለቆ ወርዶ ያየ ሰው የአሸዋና የኖራ ድንጋዩን ያውቀዋል፤ ከሸለቆው ወጥቶ ደጋው ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በባዛልት ተሸፍኖ ያገኘዋል።

የስበትና የማግኔት ጥናት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደለል አለት ከሥሩ ካለው ጥንታዊ አለት ይልቅ በአብዛኛው ቀላል በመሆኑ፣ ወፍራም ደለል ባለበት ቦታ የመሬት ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ የሚለካበት ሚሊጋል የተባለው መለኪያ ከጠቅላላው የመሬት ስበት አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ጥንታዊው አለት በአብዛኛው የማግኔትነት ባሕርይ ሲኖረው ደለሉ ግን እምብዛም የለውም። ስለዚህ ከማግኔት ንባቡ ጥንታዊው አለት በምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ መገመት ይቻላል። ሁለቱንም በአውሮፕላን መለካት ስለሚቻል፣ መንገድ የሌለው ሰፊ ምድር በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ይጠናል።

ንባቡን መተርጎም ግን የራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ ማግኔታዊ አለት ካርታው ላይ የሚታየው በከፍታ ሳይሆን በአብዛኛው በዝቅታ ነው። ለአውሮፓ ወይም ለካናዳ የተለመደውን አነባበብ እንዳለ ማምጣት ያሳስታል።

ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። ቱሎው ኦይልና አፍሪካ ኦይል የተባሉት ኩባንያዎች በኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ክፍሎች ላይ የስበትን ለውጥ በከፍተኛ ጥራት የሚለካ የአውሮፕላን ጥናት አካሄዱ። ቀጥሎም ተፋሰስ በታየባቸው ቦታዎች የሴይስሚክ ጥናት ተደረገ። ከድንበሩ ማዶ በሎኪቻር ተፋሰስ የተቆፈረው ንጋሚያ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ነዳጅ ተገኘበት። በእኛ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 አራት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ሳቢሳና ቱልቱሌ በኦሞ፣ ሺመላና ጋርዲም በጨው ባሕር አካባቢ። በሳቢሳ የነዳጅ ምልክት በመታየቱ ተስፋው ከፍ ብሎ ነበር። ከአራቱ አንዱም ግን ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ አልሰጠም።

መሣሪያው አንድ፣ ስምጥ ሸለቆውም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ተለያየ? መልሱ የስበት ጥናት የማሰሮውን ቅርጽ እንጂ በውስጡ ያለውን አያሳይም የሚል ነው። ነዳጅ እንዲገኝ ተፋሰስ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ነዳጅ የሚያመነጭ አለት፣ በቂ ሙቀት፣ የሚያጠራቅም አለትና እንዳያመልጥ የሚከድን ንጣፍ በአንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ከዚህም በላይ ትንሽና ለላዩ የቀረበ አካል፣ ትልቅና ጥልቅ የሆነ አካል የሚሰጠውን ንባብ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ካርታው የት መቆፈር እንደሌለበት በመጠቆም ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚበላው ጉድጓድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ደረቅ ጉድጓድ ኪሳራ የሚሆነው መረጃው ሲጠፋ ነው። ኩባንያዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የለኩት ንባብ ግን በመንግሥት እጅ በሥርዓት ተቀምጦ ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለቀጣዩ ባለፈቃድ መድረስ አለበት። አገሪቱ ተፋሰሶቿን በራሷ ካርታ ካወቀች፣ ለድርድር የምትቀመጠው ከባለኩባንያው ያነሰ አውቃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ባለሥልጣናትም ሆኑ መገናኛ ብዙኃን ቃላቸውን መመዘን ይኖርባቸዋል። «ጥናቱ ተስፋ ሰጪ ነው» እና «ነዳጅ ተገኘ» አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለሕዝቡ መንገር ተስፋ ማስቆረጥ ሳይሆን ተስፋውን በቦታው ማስቀመጥ ነው። በፍለጋው ክልል የሚኖረው አርብቶ አደር የግጦሽ መሬቱ የሚታጠረው በካርታ ላይ በታየ ቅርጽ ምክንያት ይሁን በተረጋገጠ ሀብት፣ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።