የሦስትዮሽ ምክክሩ እና የአዳሚ ቱሉ የቀን ሠራተኛ

ከባቱ ወደ ቡልቡላ በሚወስደው መንገድ አዳሚ ቱሉን ያለፈ ሰው በመስኖ ማሳዎቹ ላይ የሚያየው ነገር አለ። ጀርባው ላይ የመድኃኒት መርጫ ያዘለ የቀን ሠራተኛ በቲማቲምና በሽንኩርት መደቦች መካከል ይመላለሳል። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያደረገ ማግኘት ብርቅ ነው። ከተማዪቱ ራሷ የፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ መቀመጫ መሆኗን ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ምፀት አያጣም።

ስለዚህ ሰው ደኅንነት ማን ከማን ጋር ይመክራል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል ናት። መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች በዓለም አቀፍ የሥራ ደረጃዎች ላይ እንዲመክሩ የሚያስገድደውን ስምምነት ቁጥር 144 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት ምክክሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ ተወካዮቹም በየማኅበሮቻቸው በነፃነት የተመረጡና በእኩልነት የሚቀመጡ ይሆናሉ። ከሚመከርባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ብዙ ሰው የማያስታውሰው፣ አገሪቱ ያላጸደቀቻቸውን ስምምነቶች በየጊዜው እንደገና መመርመር ነው።

ካልጸደቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ በግብርና ሥራ ስለ ደኅንነትና ጤንነት የሚደነግገው ቁጥር 184 ነው። ይህ ስምምነት ለአዳሚ ቱሉ የተጻፈ ይመስላል። ጊዜያዊና ወቅታዊ ሠራተኛ ለቋሚው የሚደረገው ጥበቃ እንዲደረግለት፣ የኬሚካል መረጃ ለተጠቃሚው በተገቢው የአገሪቱ ቋንቋ እንዲደርስ፣ ባዶ ዕቃውም በአግባቡ እንዲሰበሰብ ያዛል። «ተገቢው ቋንቋ» የትኛው ነው? አማርኛ ብቻ ነው ወይስ አፋን ኦሮሞም? ማንበብ ለማይችለውስ? ይህን አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

የስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ጸድቋል፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ታዲያ ሌላ ስምምነት ለምን? የሚል ይኖራል። መልሱ ማሳው ላይ ይታያል። ሕጉ በትልልቆቹ የአበባ እርሻዎች በር ድረስ ይደርስ ይሆናል፤ እዚያ የተደራጁ ሠራተኞች አሉ፣ ተቆጣጣሪም የት እንደሚሄድ ያውቃል። መሬት ተከራይቶ ለአንድ ምርት ሦስት ሰው የሚቀጥረው ገበሬ ግን የአሠሪዎች ፌዴሬሽን አባል አይደለም። የሚቀጠረውም የኢሠማኮ አባል አይደለም። ሕጉ ከልዩ ልዩ ድርጅቶች የተውጣጡ ሠራተኞች ጠቅላላ ማኅበር እንዲመሠርቱ ቢፈቅድም፣ ዛሬ እዚህ ነገ መቂ የሚውል ሰው ከማን ጋር ሆኖ ይመሥርት? እንግዲህ በሦስትዮሹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለቱም፣ ቀጣሪውም ተቀጣሪውም፣ የሉም። ገበሬው ራሱ መርጫውን ያዝሎ እንደሚረጭም አይዘነጋ፤ መርዙ አሠሪና ሠራተኛ ብሎ አይለይም።

ኢሠማኮንም ሆነ አሠሪዎቹን አልወቅስም። ያላደራጁትን ሰው ስም ይዘው ቢናገሩ ኖሮ ያን ጊዜ ያስወቅሳቸው ነበር። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ግን ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ወደ ጄኔቭ የሚላከው ሪፖርት ከመላኩ በፊት ረቂቁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይውጣ። ከዓመቱ ስብሰባዎችም አንዱ ባቱ ላይ፣ ገበሬዎቹና የቀን ሠራተኞቹ በተጠሩበት ይደረግ። የስብሰባ ከተማ ከሆነችው ከአዳማ እንኳ ቢነሡ ጉዞው ግማሽ ቀን አይፈጅም። አጀንዳውም ቁጥር 184 ይጽደቅ ወይስ አይጽደቅ የሚል ይሁን፤ አይጽደቅ ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ።