«ኔትወርክ የለም» መልስ አይደለም

በኮምፒዩተር ክፍላችን ያለው ሰርቨር የትምህርት ጽሑፎችን አልከፍት ባለ ቁጥር ከሠልጣኙም ከመምህሩም የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ ተፈልገው ይመጡና ማሽኑን አጥፍተው ያበሩታል። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ለፈተና የምናጠናው ሁሉ እዚያው እንደተቆለፈ ያድራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ልማድ አጥብቆ ይቃወማል።

ሰርቨሩ የሚሠራው በሊነክስ ነው። ሊነክስ ደግሞ ሲታመም ይናገራል፤ የሚለውን እናንብበው እንጂ! «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» እና «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ሊነክስ ራሱ ለመጀመሪያው 111፣ ለሁለተኛው 110 የሚል የተለያየ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ሰው ቤት ሄዳችሁ «ቤቶች!» ስትሉ ዘበኛው ብቅ ብሎ «ማንም የለም» ቢላችሁ፣ ቢያንስ ግቢውን አልሳታችሁም። ሪፊውዝድ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ማሽኑ በርቷል፣ ኬብሉም ደህና ነው፤ ፖርት 80 ወይም 443 ላይ እንግዳ የሚቀበል ፕሮግራም ግን የለም። ታይምድ አውት ግን ስትጣሩ ቆይታችሁ መልስ ማጣት ነው። ወይ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ወይ አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይ ፋየርዎል የመጣውን ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ይጥላል። ታዲያ ለመጀመሪያው ኬብል መነቅነቅ ምን ይረባል? 502 የሚል ከመጣማ ኔትወርኩን መውቀስ ግፍ ነው፤ የፊተኛው ፕሮግራም እኛን ተቀብሎናል፣ ከኋላው ያለው ነው ደህና መልስ ያልሰጠው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ኃላፊው እሰርቨሩ ላይ ተቀምጠው «ይኸው ይሠራል እኮ!» ይላሉ፤ እኛን ደግሞ በየኮምፒዩተራችን ሪፊውዝድ ይለናል። ሁለታችንም እውነት ተናግረን ሊሆን ይችላል። «ኤስ ኤስ» የሚባለው ትእዛዝ በየትኛው ፖርት ማን እንደሚያዳምጥ ያሳያል። እዚያ ከ80 በፊት 127.0.0.1 ከተጻፈ ፕሮግራሙ የሚሰማው የራሱን ማሽን ብቻ ነው። ይህ መቶ ጊዜ ቢጠፋና ቢበራ ያው ነው፤ የሚስተካከለው በፕሮግራሙ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነው።

«ሠልጣኝ ከነካው ያበላሸዋል» የሚሉ መምህራን አሉ። ሥጋታቸው አግባብ ነው። ግን እኮ ማየትና መንካት ይለያያሉ! ኤስ ኤስ ያሳያል እንጂ አይቀይርም፤ ዲስኩ መሙላቱን የሚነግረው «ዲ ኤፍ»ም እንዲሁ። በ«ጆርናልሲቲኤል» የሚታየውን የሰርቨሩን መዝገብም ቢሆን ለማንበብ ብቻ የሚያበቃ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ የኃላፊውን የይለፍ ቃል ማንም አልጠየቀም። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖር የሚጠራ ባለሙያ ላይኖር ይችላል፤ ተማሪዎቹ የሚያዩት እኛን ነው።

ስለዚህ እሰርቨሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በተቋረጠ ቁጥር ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪኑ ላይ የታየው ቃል በቃል፣ ከነሰዓቱ፣ ኋላም ምን ሲደረግ እንደተነሣ ይጻፍበት። ደብተሩን ለመያዝ ከክፍላችን ሁለት ልጆች ፈቃደኞች ናቸው።